የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለመድረስ ለምን ሦስት ቀን ፈጀበት?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ቅድመ አያቴ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር ሄደው ነበር። አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ አድረው በሦስተኛው ቀን እንደደረሱ በቤታችን ይወራል። መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡር የሚያህል ነገር እንዴት ሦስት ቀን ይፈጅበታል? ሌሊት ለምን አይጓዝም ነበር? በኋላስ የመንገደኛው ባቡር እንዴት ሊቀር ቻለ?»

በቤታችሁ የሚወራው ትክክል ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተራው መንገደኛ የሚጓዘው እንደዚያ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ግን ሦስቱን ቀን ባቡሩ ቀርፋፋ በመሆኑ ብቻ የመጣ አድርገው አይውሰዱት። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ከአዲስ አበባ በባቡር ወጥተው በማግስቱ ጅቡቲ ገቡ፤ ሚያዝያ 26 ኢንተርፕራይዝ በምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ተሳፈሩ። መስመሩ ያው፣ ሎኮሞቲቩም ያው ነበር። ልዩ ባቡር ከሆነና መንገዱ ከተለቀቀለት ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ መድረስ ይችል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን የባቡሩ የመጨረሻ አቅም አልነበረም፤ ኩባንያው አስቦበት ያወጣው የጉዞ ፕሮግራም ነው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ለመረዳት መጀመሪያ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል።

ዳገቱ እንዲታይ ጉዞውን በተቃራኒው፣ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ልቁጠረው። ጅቡቲ ከባሕሩ ጋር እኩል ናት። ባቡሩ ከዚያ ተነሥቶ በሆልሆልና በአሊ ሳቢህ ድንጋያማ ገደሎች፣ በደወሌ፣ በአይሻና በአዲጋላ በረሃ አልፎ ድሬዳዋ ሲደርስ 1,200 ሜትር ያህል ወጥቷል። ይህ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን። ከድሬዳዋ በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ በኩል የጨርጨርን ተራሮች በግራው እያየ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ከፍታው እንደገና ወርዶ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ሁለተኛው ቀን። ከአዋሽ ወዲህ ያለው ነው ፈተናው። በመተሐራ፣ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በአቃቂ በኩል በ230 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነው ለገሃር ይወጣል። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ዳገት፣ በሦስተኛው ቀን፣ በእንፋሎት።

እንግዲህ አዋሽና ድሬዳዋ ለማደሪያነት የተመረጡት መንገደኛው ስለደከመው ብቻ አይደለም። መስመሩ ራሱ በባሕርዩ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዳገት፣ የራሱ አየር፣ የራሱ የውኃ ችግር አለው። ሎኮሞቲቭና ሠራተኛ የሚቀየረው፣ የተበላሸው የሚጠገነው በእነዚህ መጋጠሚያዎች ላይ ነበር። ትልቁ ወርክሾፕ ድሬዳዋ ላይ የተሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ውኃው ብዙ ሰው የሚረሳው ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከከሰልና ከማገዶ እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ የሚፈልገው ውኃ ነው። ዳገት ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የሌለበት ነው፤ ውኃው ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ጨውና ማዕድን የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ሲፈላ በቦይለሩ ውስጥ ቅርፊት ይጋግራል፤ ቅርፊቱ ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውኃው በደንብ አያልፍም፣ ማገዶው ይበዛል፣ ብረቱም ይጎዳል። ስለዚህ ቦይለሩ ቶሎ ቶሎ እሳቱ ጠፍቶ መታጠብ ነበረበት። በካርታው ላይ ለምን እዚያ እንደተተከሉ የማይገባዎት ትንንሽ ጣቢያዎች ካሉ፣ አብዛኞቹ የውኃ ማቆሚያዎች እንደነበሩ ይገምቱ። መንደሩ የመጣው ከጣቢያው በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ። ያ በረሃ ዝናብ ብርቅ የሆነበት አገር ቢሆንም ሐዲዱን በጣም የሚያስቸግረው ዝናብ ነበር። ከሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ደረቁን አሸዋማ ወንዝ ሞልቶ በድንገት ይወርድና የድልድዩን መሠረት ይበላል፣ ሐዲዱን ከሥሩ ያጥባል። ቀን ከሆነ ነጂው ከሩቅ አይቶ ያቆማል። ማታ ግን የዚያ ዘመን የሎኮሞቲቭ መብራት የሚያሳየው ርቀት ባቡሩን ለማቆም ከሚያስፈልገው ያንሳል። ከብትና ግመል ሐዲዱ ላይ ይተኛል። መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት በጣቢያ ብቻ ነው፤ ይህም ማለት በየጣቢያው ሌሊቱን ሙሉ የሚያድር፣ በቴሌግራፍ የሚነጋገር ሠራተኛ መኖር አለበት። በዚያ ላይ መስመሩ ሲሠራ የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች መሬታቸው ያለ ፈቃዳቸው ስለተቆረጠ ይቃወሙ ነበር፤ ጥቃትም ደርሷል፣ የቴሌግራፉ ሽቦም ይቆረጥ ነበር። ኩባንያው ይህን ሁሉ ደምሮ አሰበና ሲመሽ አቁሞ መንገደኛውን አሳደረ። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ሌላ አላደርግም ነበር።

ማደሪያው ደግሞ የራሱን ሕይወት ፈጠረ። በአዋሽ ጣቢያ ያለው የቡፌ ደ ላ ጋር ሆቴል የተሠራው ለዚህ ነው፤ በጉብኝት መኪና የሚያልፉ ብዙዎች ከባቡሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ሳያውቁ ምሳ በልተውበታል። ከአውሮፓ የመጣው ዲፕሎማትና ነጋዴ እዚያ ሲያድር፣ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛው በጣቢያው አካባቢ ጠላና እንጀራ ከሚሸጡት ዘንድ፣ ወይም እዚያው ዕቃው ላይ ተኝቶ ያድር ነበር። ቅድመ አያትዎ የትኛው ጋ እንዳደሩ ቤተሰቡን ይጠይቁ። ያ መልስ ስለዘመኑ ብዙ ይነግርዎታል።

ይህ መስመር ለምን በዚህ በኩል እንደሄደ ሳይነገር ግን ነገሩ ግማሽ ይቀራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ የተጻፈው ሦስት ክፍል ነበር፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። ሐረርን የከለከለው ተራራው ነው፤ ወጪው ከኩባንያው አቅም በላይ ነበርና ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፣ ድሬዳዋ ማለት ነው። ምኒልክ በምርቃቱ ላይ አልተገኙም። በዚያ ሰሞን ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ውል ተፈራርሞ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሳያውቁትና ሳይፈቅዱት በግዛታቸው ውስጥ ያለው መስመር በውጭ መንግሥት እጅ ሊገባ መሆኑን ሲያዩ ተቆጡ። ቁጣቸው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። የመሬት ጉዳይ የሉዓላዊነት ጉዳይ እንደሆነ ከዓድዋ ስድስት ዓመት በኋላ ሊነግራቸው የሚችል ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ይከራከሩበት ነበር፤ በ1899 ዓ.ም. የተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል አንዱ ጉዳይ ይኸው ባቡር ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲሱ ፈቃድ የተሰጠው የምኒልክ ሐኪም ለነበሩት የጓዴሎፕ ተወላጅ ለዶክተር ጆሴፍ ቪታሊየን ሲሆን፣ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ የተባለው በዚህ ተቋቋመ። በእነዚያ የቆመባቸው ዓመታት ከጅቡቲ የመጣ ሰው ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ወርዶ በቅሎ ይከራይ ነበር። በጨርጨር ደጋ ወይም በአሰቦት በረሃ በኩል አዲስ አበባ ለመግባት ሳምንታት ያስፈልጉት ነበር። ቅድመ አያትዎ በሦስት ቀን ደረስኩ ሲሉ ከእሳቸው በፊት የነበረው ትውልድ ምን ያህል እንደሚደነቅ ያስቡት። እኛ ዛሬ «ሦስት ቀን!» ብለን የምናዝንለት ጉዞ ለእነሱ ተአምር ነበር።

ለገሃር ላይ አሁንም ቆሞ የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ ጥቅምት 1923 ለንግሥ በዓል የመጡት የውጭ መንግሥታት ልዑካን በዚህ መስመር ነው የገቡት። ያኔ ከባሕር ወደ አዲስ አበባ ሌላ የሚረባ መንገድ አልነበረም።

አሁን ሌሊቱ እንዴት ተሰበረ ወደሚለው ልመለስ። የመጀመሪያው ለውጥ ሊቶሪና ነው። በጣሊያን ዘመን የገባችው ይህች የፊያት ሥራ ነጠላ ሰረገላ የራሷ የነዳጅ ሞተር ያላት ስለሆነች ሎኮሞቲቭ አያስፈልጋትም፣ ቀላል ናት፣ ዳገት አይከብዳትም፣ በየጣቢያው ውኃ አትለምንም። ድሬዳዋ ውስጥ ሽማግሌዎች ስሟን ሲጠሩ ዛሬም ፊታቸው ይበራል። ቀጥሎ የመጣው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ እንፋሎቱን እየተካ ሄደ። ከውኃው ችግር ጋር የማደሩ ምክንያት ግማሹ ጠፋ። መብራቱና ፍሬኑ ተሻሻለ፣ መስመሩም ፀጥታ አገኘ። ባቡሩ ሌሊትም መሄድ ጀመረ፣ ሦስቱ ቀን ወደ አንድ ቀንና ሌሊት ገደማ ወረደ፣ አዋሽ ላይ ማደርም ቀረ። በ1952 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ደግሞ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ኢትዮጵያም የኩባንያው ግማሽ ባለቤት ሆነች። እኔን ከጠየቁኝ የመስመሩ ምርጥ ዘመን ከዚህ በኋላ ያሉት አሥራ አምስት ዓመታት ናቸው።

በዚያ ዘመን ባቡሩ ላይ የነበረው ማነው? ስለ መጀመሪያ ማዕረግ፣ ስለ ነጭ የገበታ ልብስና ስለ ፈረንሳይ ወይን ብዙ ተጽፏል። ያ ጥቂት ሰው ነው። ፉርጎውን የሞላው የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ ነበር፤ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጣቦ፣ በእግሩ ሥር ኬሻና ዘንቢል አድርጎ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ጫት፣ ሎሚ፣ ብርቱካንና አትክልት ይወርዳል፤ ከጅቡቲ ልብስ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ሲጋራ ይወጣል። ይህን ንግድ በብዛት ያንቀሳቅሱ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ከፊሉ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ ከፊሉ ተደብቆ ያልፋል፤ የድሬዳዋ ታይዋን ገበያም የቆመው በዚህ መስመር ንግድ ላይ ነው። አንድ ባቡር በአንድ ትንሽ ጣቢያ የሚቆምባት ጊዜ ለዚያ መንደር የዕለቱ ገበያ ነበረች፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ የግመል ወተት፣ ሻይ፣ ውኃ በጀሪካን፣ ሁሉ በመስኮት። ስለ ረጅም ርቀት ባቡር የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ሁለቱ ጫፍ ከተሞች ብቻ ይጽፋሉ። እዚህ መስመር ላይ የመንገደኛው ባቡር ዋና ጥቅም በመሐል ላሉት ነበር፤ አፍደም ወይም አዲጋላ ያለ ሰው ታማሚውን ሐኪም ጋ የሚያደርስበት ሌላ ነገር አልነበረውም።

ታዲያ እንዴት ቀረ? በአንድ ቀን አልሞተም፤ ግን ከባዱን ምት የተቀበለበት ጊዜ ይታወቃል። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ሲቀሰቀስ ድልድዮቹ ፈረሱ፤ መስመሩ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋ። ጅቡቲም በዚያው ዓመት ሰኔ ነጻ ወጣች፤ በ1973 ዓ.ም. የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር የሚባለው የሁለቱ መንግሥታት ድርጅት ተቋቋመ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ገንዘብ ግን አልተከተለውም።

ከዚያ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. መጣ። ወደ 1,000 ሰው የጫነ ፈጣን ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ከድልድዩ ላይ ያለውን ጥምዝ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባበት፤ ፉርጎዎቹ ወደ ገደሉ ወረዱ። 428 ሰው ሞተ፤ የቆሰለው ወደ 500 ይጠጋል። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እስከዚያ ቀን ድረስ ከደረሱት ሁሉ የከፋው ነው። ስለዚህ አደጋ አገራችን ውስጥ የሚነገረው በጣም ትንሽ መሆኑ ያሳዝነኛል። ከእነዚያ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ዛሬም ድሬዳዋና አዳማ አሉ። የባቡር ሰው ከዚህ አደጋ የሚማረው አለ፦ በዚያ መስመር ላይ ጥምዙ የተሠራው ለእንፋሎት ዘመን ፍጥነት ነው። ሎኮሞቲቩን መቀየር ቀላል ነው፤ ጥምዙን ማቃናት ግን መስመሩን እንደገና መሥራት ነው። የድሮው ሐዲድ በአንድ ሜትር ስፋት፣ በቀጭን ብረት፣ ምስጥ እንዳይበላው በብረት አግዳሚዎች ላይ የተዘረጋ ነበር፤ ለ25 እና ለ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጥሩ ሥራ ነበር። በኋላ የመጣው ፈጣን ሞተር በዚያው ሐዲድ ላይ ነው የሮጠው።

ከ1977 በኋላ ያለው ረጅም ድካም ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ ጭነት ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ ያን ጊዜ ሊነሣ ይገባው ነበር፤ የተነሣው ግን የጭነት መኪና ነው፣ ምክንያቱም ሐዲዱ ጥገና አልነበረውም። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሐዲዱን ይበላ ነበር። መስመሩን ለውጭ ኩባንያዎች በኮንሴሽን ለመስጠት ተሞከረ፣ አልሆነም። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጥገና ተጀመረ፣ አላለቀም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው መንገደኛ ባቡር ቆመ፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በኩል ያለው ትንሽ ጊዜ እየተቆራረጠ ቆየ። ብዙ ሰው «መኪናው ስለሚፈጥን ነው የተሸነፈው» ይላል። አልስማማም። የመንገደኛው ባቡር የጠፋው ለሃያ ዓመት ያህል የሚያስፈልገውን ብረትና ድንጋይ ስላላገኘ ነው። ጊዜውን ጠብቆ ቢደርስ ኖሮ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛው አይተወውም ነበር፤ ትኬቱ ከአውቶቡስ ይረክስ ነበርና።

ዛሬ ያለው አዲሱ መስመር ሌላ ሐዲድ ነው፤ የድሮውን አላደሰም። ስፋቱ 1.435 ሜትር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ወደ 750 ኪሎ ሜትር፣ በሁለት የቻይና ኩባንያዎች የተገነባ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ነው። ሎኮሞቲቩ ውኃ አይፈልግም፣ ጥምዙ ሰፊ ነው፣ ቅድመ አያትዎ ሦስት ቀን የፈጀባቸውን በአንድ ቀን ይጨርሳል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ከቻይናውያኑ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ሠራተኞች እጅ ገብቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ መንገደኛው ስናወራ ግን አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። የድሮው ባቡር ከተማ ውስጥ ያስገባዎት ነበር። ከለገሃር ወጥተው በእግርዎ ፒያሳ፣ ከድሬዳዋ ጣቢያ ወጥተው ወዲያው ከዚራ። አዲሱ ጣቢያ በአዲስ አበባ ለቡ፣ በድሬዳዋ ከከተማው ውጭ፣ በጅቡቲም ነጋድ ላይ ነው። መስመሩ መጀመሪያ የታቀደው ለጭነት ነው፤ ሰው የተጨመረበት በኋላ ነው፣ ያም በጣቢያዎቹ አቀማመጥ ይታያል። ሴትዮዋ ሁለት ኬሻ ይዛ ከከተማ ውጭ ስትወርድ ለባጃጅ የምትከፍለው ከትኬቱ ላይ ያተረፈችውን ይወስድባታል። ትንንሾቹ የመሐል መንደሮች ብዙዎቹ ባቡር አይቆምባቸውም። ፈጣን ባቡር ሁሉ ጋ ሊቆም አይችልም፤ ይህ ይገባኛል። ግን ከፈጣኑ ጎን በየጣቢያው የሚቆም አንድ ዝግተኛ ባቡር በሳምንት ሁለት ቀን ቢመደብ መስመሩ አቅም አለው ብዬ አምናለሁ፤ ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ኤሌክትሪኩም አለ።

ቅድመ አያትዎ የተሳፈሩበትን ዓይነት ፉርጎ ማየት ከፈለጉ ወደ ድሬዳዋ ይሂዱ። የድሮው ጣቢያና ወርክሾፕ ከዚራ አጠገብ አለ፤ የቆሙ ሎኮሞቲቮች፣ ሰረገላዎችና ሊቶሪና በግቢው ይገኛሉ። በር ላይ ፈቃድ ይጠይቁ፣ ጠዋት ቢሄዱ ይሻላል፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። ከተቻለም በምድር ባቡር የሠሩ አንድ አዛውንት አብረዋችሁ እንዲገቡ ለምኑ፤ የትኛው ፉርጎ ሦስተኛ ማዕረግ እንደነበር በጣታቸው ያሳይዎታል።